የኤሌክትሮኒክስ ኪቦርድ ሞዴል መቼ ይተካ?

የጥር ወር ሲገባ በከተማም በገጠርም የሠርግ ዳስ ይጣላል። ቀድሞ በማሲንቆና በከበሮ ብቻ ይደምቅ የነበረው ዳስ አሁን በብዙ ቦታ ኪቦርድም ይገባበታል። አንድ ተጫዋች፣ አንድ ኪቦርድ፣ ሁለት ትላልቅ ድምጽ ማጉያዎችና አንድ ጀነሬተር ሆነው የሙሉ ባንድን ሥራ ይሸፍናሉ። «ዋን ማን ባንድ» የሚባለው ይኸው ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ግን መሣሪያውን ዛሬም «ኦርጋን» ብለው ይጠሩታል።

ጥማድ በሬ ለገበሬው እንደሆነው ሁሉ ኪቦርዱም ለተጫዋቹ የእንጀራው ገመድ ነው። ሲገዛው የዓመታት ቁጠባውን ያወጣበታል፤ ከገዛው በኋላም ጊዜ ወስዶ የአገሩን ዜማና ምት ያስገባበታል። የመሣሪያው ዕጣ የሚወሰነው ግን በሩቅ አገር ነው። የያማሃና የሮላንድ ዋና መሥሪያ ቤቶች በጃፓኗ ሐማማትሱ ከተማ ይገኛሉ፤ የካሲዮና የኮርግ መቀመጫ ደግሞ ቶኪዮ ነው። በእነዚህ መሥሪያ ቤቶች «ይህ ሞዴል ይቁም፣ ያኛው ይጀመር» ተብሎ ሲወሰን ውጤቱ በሱቅ መደርደሪያ ላይ አይቀርም። መለዋወጫ ፍለጋ ከአንዱ ጠጋኝ ወደ ሌላው የሚዞረው ተጫዋች ዘንድም ይደርሳል።

ለመሆኑ አንድ አምራች ያረጀውን ሞዴል መተካት ያለበት መቼ ነው? ፈጥኖ ቢተካ ማን ይጎዳል? ቢዘገይስ? ያለፉት አርባ ዓመታት የኪቦርድ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ በቂ ምሳሌዎችን ይሰጣል። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር ናቸው።)

ዕቃው ነው የሚያረጀው ወይስ ሞዴሉ?

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። አንደኛው የዕቃው ማርጀት ነው። ከቁልፎቹ ሥር ያሉት የጎማ መገናኛዎች ይላላሉ፤ አቧራና ላብ ሲገባባቸው አንዱ ቁልፍ ድምጽ አልሰጥ ይላል፣ ሌላው ገና ሲነኩት ከልክ በላይ ይጮኻል። የቮልዩም መቆጣጠሪያው ሲዞር ይንኮሻኮሻል። ስክሪኑ ይደበዝዛል። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በሙቀትና በዕድሜ ይደርቃሉ። በ1980ዎቹ የተሠሩ ብዙ መሣሪያዎች ደግሞ ተጫዋቹ ያዘጋጀውን ድምጽ የሚይዙት በአንዲት ትንሽ የሊቲየም ባትሪ ኃይል ስለነበር ባትሪዋ ስታልቅ የተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል።

እነዚህ ሁሉ የጥገና ጉዳዮች ናቸው። መለዋወጫ እስከተገኘ ድረስ ኪቦርድ እንደ ሞባይል ስልክ በሦስትና በአራት ዓመት የሚጣል ዕቃ አይደለም። በጥንቃቄ የተያዘ መሣሪያ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሲያገለግል ይታያል።

ሁለተኛው የሞዴሉ ማርጀት ነው። ሞዴል አረጀ የሚባለው ከፋብሪካ ገና የወጣው፣ ምንም ያልተነካው ዕቃ ራሱ የጊዜውን ሥራ መሥራት ሲያቅተው ነው። ፋብሪካው ሊያመርተው እየፈለገ የሚሠራበትን አካል ከገበያ ሲያጣም ሞዴሉ አርጅቷል ይባላል።

አምራቾች በማስታወቂያቸው የማያነሡት ሌላ ምክንያትም አለ። ኪቦርድ ቶሎ ስለማያልቅ የአምራቹ ትልቁ ተፎካካሪ ራሱ ከአምስት ዓመት በፊት የሸጠው ኪቦርድ ነው። አሮጌው በደህና እየሠራ፣ በሁለተኛ እጅ ገበያም በርካሽ እየተገኘ፣ አዲስ ለመሸጥ አዲስ ስምና አዲስ ቁጥር ያስፈልጋል። ሱቆችም ለደንበኛ የሚያሳዩት አዲስ ነገር ይፈልጋሉ። በዚህ ምክንያት ብቻ የተተካ ሞዴል አላረጀም፤ እንዲያረጅ የተደረገ ነው።

አካል ሲጠፋ

ምርጫ የማይሰጡ ምክንያቶች አሉ። አንድ ኪቦርድ በውስጡ ከብዙ ፋብሪካዎች የተሰበሰቡ ጥቃቅን አካላትን ይይዛል። ቺፕ የሚያመርተው ድርጅት ለኪቦርድ ፋብሪካው «ይህንን ቺፕ ከዚህ ቀን በኋላ አላመርትም፤ የሚያስፈልግህን አሁን ግዛ» የሚል ማስታወቂያ ይልካል። ያን ጊዜ ኪቦርድ አምራቹ ሁለት መንገድ ይኖረዋል። ለቀሪዎቹ ዓመታት የሚበቃውን ቺፕ ገዝቶ መጋዘን ማስገባት አንዱ ነው፤ የመሣሪያውን ሰሌዳ እንደገና መንደፍ ሌላው ነው። ሰሌዳው እንደገና የሚነደፍ ከሆነ አዲስ ሞዴል ማውጣቱ ለአምራቹ የሚያዋጣ ይሆናል።

ፍሎፒ ዲስክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የነበሩ ትላልቅ ኪቦርዶች ዘፈንና ምት የሚያስቀምጡት በፍሎፒ ዲስክ ነበር። ከዚያ በዩኤስቢ የሚሰካው ፍላሽ መጣ። ሶኒ በ2011 በጃፓን የፍሎፒ ዲስክ ሽያጩን ሲያቆም አዳዲሶቹ ሞዴሎች ቀደም ብለው ወደ ፍላሽ ተሻግረው ነበር። እዚህ ላይ አምራቾቹ ትክክለኛውን ጊዜ መርጠዋል ማለት ይቻላል። የተጎዱት አሮጌውን መሣሪያ ይዘው የሥራቸውን ቅጂ ወደ ሌላ ሳያዛውሩ የቀሩ ተጫዋቾች ናቸው፤ ዲስኩ ሲበላሽ የዓመታት ሥራቸው አብሮት ይሄዳልና።

ሕግም እንዲሁ ያስገድዳል። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 1 ቀን 2006 ጀምሮ እርሳስ የተቀላቀለበት ስታኞ የተበየዱ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ለገበያ እንዳይቀርቡ ከለከለ። በአሮጌው መንገድ ይሠሩ የነበሩ ሞዴሎች እንደገና መነደፍ ወይም ከገበያው መውጣት ነበረባቸው። እየተሸጡ ያሉ፣ ማንም ያልጠላቸው መሣሪያዎች ቢሆኑም ሕጉ አልማራቸውም።

አደጋም አለ። በጥቅምት 2020 በጃፓን ኖቤኦካ ከተማ የሚገኝ የአሳሂ ካሴይ ማይክሮዲቫይስስ የቺፕ ፋብሪካ ተቃጠለ። ፋብሪካው በዲጂታል የተቀመጠ ድምጽን ወደ ጆሮ የሚደርስ ድምጽ የሚቀይሩ ቺፖችን ለብዙ የሙዚቃ መሣሪያ አምራቾች ያቀርብ ነበር። ከእሳቱ በኋላ ብዙዎቹ ምርታቸው ዘገየ፤ አንዳንዶቹም መሣሪያቸውን በሌላ ቺፕ እንደገና ለመንደፍ ተገደዱ። ኪቦርድ አምራቾች አንድን ሞዴል ያለ ምንም ለውጥ ለዘለዓለም እንዳያመርቱ የሚያግዳቸው እንዲህ ያለው ጥገኝነት ነው።

ዝና የሚያዘናጋበት ጊዜ

ዘግይቶ መተካት ምን እንደሚያስከትል ለማየት የያማሃን ዲኤክስ7 ማንሣት ይበቃል። ይህ መሣሪያ በ1983 ገበያ ላይ ሲውል ከዚያ በፊት ያልተሰማ ድምጽ ይዞ መጣ። ድምጹ የሚፈጠርበትን ስልት ያገኘው በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጆን ቻውኒንግ ሲሆን ያማሃ ፈቃዱን ገዝቶ ለዓመታት ሲያዳብረው ቆይቷል። ዲኤክስ7 61 ቁልፎች ነበሩት፤ በአንድ ጊዜ 16 ኖታ ያሰማል፤ 32 ድምጾችንም በውስጡ ይይዛል። ዛሬ ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም በወቅቱ ዓለምን አስደንቋል። ከ150 ሺህ በላይ ተሽጧል።

ያው ስኬት ግን ወጥመድ ሆነ። ደወል የሚመስለው የኤሌክትሪክ ፒያኖ ድምጹ በየዘፈኑ ስለገባ ጆሮ ሰለቸው። ያማሃ በ1987 ዲኤክስ7 ሁለትን ሲያወጣ ብዙ ነገር ቢያሻሽልም መሠረታዊው ድምጽ ያው ነበር። በዚያው ዓመት ሮላንድ ዲ-50ን፣ በ1988 ደግሞ ኮርግ ኤም1ን አወጡ። ኤም1 ከእውነተኛ መሣሪያዎች የተቀዱ ድምጾችን፣ የከበሮ ድምጾችንና ዘፈን በንብርብር መቅጃን በአንድ ሣጥን ውስጥ አሰባስቦ መጣ። እስከ 1995 በምርት ላይ የቆየ ሲሆን 250 ሺህ ገደማ እንደተሸጠ ይነገርለታል። ያማሃ የቀድሞውን ስልት ከተቀዱ ድምጾች ጋር ያጣመረውን ኤስዋይ77 ይዞ የመጣው በ1989 ነው። ሁለት ዓመት በዚህ ገበያ ውስጥ ረጅም ጊዜ ነው።

ስንዴ የሚያመርት አርሶ አደር ይህንን ነገር ያውቀዋል። ኩብሳ የተባለው የስንዴ ዝርያ በምርታማነቱ ተወዳጅ ሆኖ በሰፊው ይዘራ ነበር። በ2010 ቢጫ ዋግ ሲመታው ግን በብዙ ማሳ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰ። ዝርያው በበሽታው የተሸነፈበት ዓመት ተተኪ ዘር መፈለግ የሚጀመርበት ዓመት ሊሆን አይገባም፤ ተተኪው ቀደም ብሎ ተባዝቶ መጋዘን ውስጥ መገኘት አለበት። የኪቦርድ ሞዴልም እንዲሁ ነው። አዲስ ሞዴል ለመንደፍ፣ ድምጾቹን ለመቅዳትና ለመፈተሽ ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ አምራቹ ተተኪውን ማዘጋጀት መጀመር ያለበት አሮጌው ሞዴል በደንብ እየተሸጠ ባለበት ወቅት ነው። መቼ ለገበያ ይቅረብ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱን መቀላቀል ብዙ ስሕተት ያመጣል።

ዕድሜ በራሱ ግን ጥፋት አለመሆኑንም ታሪክ ያሳያል። ሚኒሙግ የተባለው የአሜሪካ መሣሪያ በ1970 ተጀምሮ በ1981 ምርቱ ቆመ። ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ በ2016 ያው መሣሪያ እንደገና መመረት ጀመረ፤ በ2022ም ድጋሚ ተመልሷል። ያማሃም የዲኤክስ7ን የድምጽ ስልት በትንሽ መጠን ሠርቶ ሪፌስ ዲኤክስ በሚል ስም በ2015 አቅርቧል። የአንድ መሣሪያ ድምጽ የራሱ መልክ ካለው ጊዜ አይሽረውም። ቶሎ የሚያረጁት ከድምጹ ይልቅ በዙሪያው ያሉት ስክሪን፣ ማስቀመጫና መገናኛ ናቸው።

መገናኛ ከተነሣ ሚዲ ሊታለፍ አይገባውም። በ1983 የተለያዩ አምራቾች ኪቦርዶች በአንድ ገመድ እንዲነጋገሩ የሚያስችለው ይህ የጋራ ስምምነት ይፋ ሆነ። ከአርባ ዓመት በኋላም ያ አሮጌ ዲኤክስ7 ዛሬ ከተገዛ ኪቦርድ ጋር በሚዲ ገመድ ተገናኝቶ ይሠራል። ተፎካካሪ ድርጅቶች አንድ ቋንቋ ለመናገር በመስማማታቸው ብቻ ስንት መሣሪያ ከመጣል ዳነ!

እየረዘመ የመጣው ዕድሜ

የያማሃ ሞቲፍ ተከታታይ ምርቶች በመድረክና በስቱዲዮ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው በ2001 ወጣ። በ2003 ሞቲፍ ኢኤስ፣ በ2007 ሞቲፍ ኤክስኤስ፣ በ2010 ሞቲፍ ኤክስኤፍ ተከተሉት። ቦታውን የወሰደው ሞንታዥ በ2016፣ የእርሱ ተተኪ ሞንታዥ ኤም ደግሞ በ2023 መጡ። ልዩነቶቹን ላስተዋለ ሰው ሁለት፣ አራት፣ ሦስት፣ ስድስት፣ ከዚያ ሰባት ዓመት ይሆናሉ። ጊዜው እየረዘመ ሄዷል።

አንዱ ምክንያት ሶፍትዌር ነው። ቀድሞ አዲስ ነገር ለመጨመር አዲስ ዕቃ መሥራት ግድ ነበር። አሁን አምራቹ ማሻሻያውን በኢንተርኔት ይለቃል፤ ባለቤቱ በፍላሽ ጭኖ መሣሪያውን ያድሳል። በ2011 የወጣው የኮርግ ክሮኖስ ለዚህ የተመሰገነ ምሳሌ ነው። በ2014 አዲስ መልክ ያለው ክሮኖስ ሲቀርብ ሦስተኛው የሶፍትዌር እትም የመጀመሪያውን ክሮኖስ ለገዙ ሰዎችም በነጻ ተሰጠ። አስቀድሞ የገዛው ደንበኛ አልተቀጣም።

የሞንታዥ ጉዳይ ደግሞ በሌላ በኩል ያስተምራል። ሞንታዥ በሞቲፍ ኤክስኤፍ የተዘጋጁ ድምጾችን መቀበል መቻሉ ለነባር ባለቤቶች ትልቅ እፎይታ ነበር። ሆኖም ሞቲፍ የነበረው ሙሉ የዘፈን ማቀናበሪያ በአዲሱ መሣሪያ ውስጥ አልነበረም። ሥራቸውን በሙሉ በዚያ ማቀናበሪያ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ቅሬታ አሰሙ፤ ከፊሉ አሮጌውን አልለቅም አሉ። ከዓመታት በኋላ ምት በክፍል በክፍል የሚቀናበርበት ዘዴ በሶፍትዌር ማሻሻያ ተጨመረ። ተተኪ የተባለው ሞዴል ተጠቃሚው በየቀኑ የሚሠራበትን ነገር ካጎደለ አልተካም፤ ሌላ መሣሪያ ሆኖ ነው የመጣው። እንዲህ ያለው ሞዴል ገና ሳይዘጋጅ የወጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዋን ማን ባንድ ተጫዋቾች ዘንድ የሚፈለጉት አጃቢ ምት ያላቸው መካከለኛ ኪቦርዶች ናቸው። በእነርሱ ዘንድ ለውጡ ፈጠን ይላል። የያማሃ ፒኤስአር-ኤስ ተከታታይ በ2007 (ኤስ900)፣ በ2009 (ኤስ910)፣ በ2012 (ኤስ950)፣ በ2015 (ኤስ970)፣ በ2018 (ኤስ975) ታድሷል። ከዚያ በ2019 በጣም የተለወጠው ፒኤስአር-ኤስኤክስ900 መጣ፤ የመንኪያ ስክሪንም ተገጠመለት። በ2018 ኤስ975ን በሙሉ ዋጋ የገዛ ሰው ሁለት ዓመት ሳይሞላው መሣሪያው የቀድሞ ትውልድ ሆነበት። ኤስ975 ከኤስ970 የተለየው በጥቂት ነገር ስለነበር ሳይወጣ ቢቀርና ገዢው ኤስኤክስ900ን ቢጠብቅ ይሻለው ነበር። በአንጻሩ ኤስኤክስ900 በኤስኤክስ920 የተተካው በ2024 ነው፤ አምስት ዓመት ለዚህ ደረጃ ተገቢ ይመስላል።

ለጀማሪ የሚሸጡት ርካሽ ኪቦርዶች ከዚህም የባሰ ችኮላ ይታይባቸዋል። ፒኤስአር-ኢ353 በ2015፣ ኢ363 በ2018፣ ኢ373 በ2020 ወጡ። ፒያኖ ለመማር ጣቱን ለሚያፍታታ ልጅ በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት ከቁጥር ለውጥ ብዙም አይበልጥም። እንዲያውም ለገጠር ተጠቃሚ ከሁሉም የሚበልጠው ጠቀሜታ በሦስቱም የነበረ ነው፤ መብራት በሌለበት በስድስት የባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ። ትላልቆቹ ይህ የላቸውም።

የአገር ዜማ የተጫነበት መሣሪያ

ከፋብሪካ የሚወጣ ኪቦርድ ፖፕ፣ ሮክ፣ ዲስኮ፣ ዋልስና የላቲን ምቶችን በመቶዎች ይዞ ይመጣል። አምራቾች ለአንዳንድ አካባቢዎች የተለየ ሞዴል ይሠራሉ። ያማሃ ለመካከለኛው ምሥራቅ ሙዚቃ የፒኤስአር-ኤ ተከታታይን፣ ለሕንድ ደግሞ ፒኤስአር-አይ500ን አዘጋጅቷል። የኢትዮጵያ ተጫዋች ግን ችክችካውን ራሱ ይሠራል። ከበሮውን፣ ጭብጨባውን፣ የቤዙን አካሄድ በየተራ ቀድቶ በመሣሪያው ማስታወሻ ውስጥ ያስቀምጣል። የክራርና የማሲንቆ ድምጽ ቀድቶ የሚያስገባም አለ።

የቅኝት ነገር ከሁሉም ይረቅቃል። ኪቦርድ የተሠራው በፒያኖ ሕግ ነው፤ አንድ ኦክታቭ በ12 እኩል ክፍሎች ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ክፍል ደግሞ 100 ሴንት ይባላል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በባህል መሣሪያ ሲቃኙ በዚህ እኩል ክፍፍል ላይ በትክክል አይቀመጡም። ማሲንቆ የለመደ ጆሮ በኪቦርድ የተመታ አንቺሆዬ «ድርቅ» ሲልበት የሚሰማው ለዚህ ነው። ኖታዎችን አንድ በአንድ በጥቂት ሴንት ከፍና ዝቅ ማድረግ የሚያስችል የቅኝት ማስተካከያ ያላቸው ኪቦርዶች ይህንን ያቃልላሉ። ተጫዋቹ ጆሮውን ተማምኖ ያስተካከለውን በስም አስቀምጦ በመድረክ ላይ በአንድ ቁልፍ ይጠራዋል።

እንግዲህ ሞዴሉ ሲቀየር ለዚህ ተጫዋች የሚቀየረው ዕቃ ብቻ አይደለም። ከፋብሪካ የመጣውን ምት ብቻ የሚጠቀም ሰው አዲሱን ኪቦርድ ሰክቶ ሥራውን ይቀጥላል። የራሱን ምትና ቅኝት የሠራ ሰው ግን ሥራው ወደ አዲሱ ካልተሻገረ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የያማሃ አዳዲስ ሞዴሎች የቀድሞዎቹን የምት ፋይሎች ያነባሉ፤ አሮጌዎቹ ግን የአዲሶቹን አያነቡም። የኮርግ ፒኤ ተከታታይም የቀድሞውን ፋይል ይቀበላል፤ ይሁንና አንዳንድ ድምጾች ቦታቸውን ስለሚለቁ በእጅ ማስተካከል ያስፈልጋል። ማሲንቆ ይሰማበት በነበረው ቦታ ሌላ ድምጽ መስማት የተለመደ ነው። የአንድ ድርጅት ፋይል በሌላ ድርጅት መሣሪያ ላይ በቀጥታ የመሥራቱ ነገር ደግሞ አይታሰብም።

ኢትዮጵያውያን በእነዚህ መሣሪያዎች ምን ያህል እንደሠሩ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን ባሳተመው የካሴት ሥራ የልጅነት መሣሪያውን አኮርዲዮን ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከዲኤክስ7 ጋር አጣምሮ ተጫውቷል። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ዙሪያ አዳዲስ አድማጮችን አፍርቷል። ዲኤክስ7 ከዚያ ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት ከምርት ወጥቷል፤ ድምጹ ግን በአገር ዜማ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል።

ከተቋረጠ በኋላ ያለው ጊዜ

የመተካት ውሳኔ ትልቁ ክፍል አሮጌው ሲቆም የሚሰጠው ዋስትና ነው። ያማሃ በጃፓን ገበያ ለሚሸጣቸው የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች ምርቱ ከቆመ በኋላ ለጥገና የሚያስፈልጉ አካላትን ቢያንስ ለ8 ዓመት እንደሚያቆይ በመመሪያ መጽሐፎቹ ይገልጻል። ጥሩ ጅምር ነው። ሆኖም ብዙ ኪቦርዶች ወደ ኢትዮጵያ የሚገቡት አገልግለው፣ በሁለተኛ እጅ ወይም በውጭ በሚኖር ዘመድ በኩል ነው። በአምስተኛ ዓመቱ የመጣ መሣሪያ ዋስትናው ሲቆጠር ሊያልቅ ጥቂት ይቀረዋል። የቁልፍ ጎማ፣ አዳፕተር ወይም ስክሪን ሲያስፈልገው ጠጋኙ ከሞተ ሌላ ኪቦርድ ላይ ፈትቶ ይገጥማል። አምራቹ የቁልፍ ሰሌዳውንና ጎማውን ከሞዴል ወደ ሞዴል ሳይቀይር ቢጠቀም ኖሮ የአንዱ አካል ለሌላው ይሆን ነበር። ይህንን የሚያደርጉ አሉ፤ ተጠቃሚው ባያየውም ጠጋኙ ያውቀዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ እንዲህ ነው። አምራች ሞዴል መተካት ያለበት ቁልፍ የሆነ አካል ከገበያ ሲጠፋ ወይም ሕግ ሲያስገድደው፣ አለዚያም ተጠቃሚው የሚፈልገው ነገር በሶፍትዌር ማሻሻያ ሊጨመር እንደማይችል ሲረጋገጥ ነው። ተተኪው የቀድሞውን ፋይል ማንበብ ካልቻለ ጊዜው አልደረሰም። ለባለሙያ የሚሸጥ ትልቅ መሣሪያ ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ፣ መካከለኛው አምስት ዓመት ያህል ቢቆይ ማንንም አይጎዳም። ለጀማሪ የሚሸጠው ደግሞ ዋጋው የሚቀንስበት ወይም የሚጠነክርበት መንገድ እስካልተገኘ ድረስ ባይነካ ይመረጣል። ሦስት ጊዜ ቁጥር ከመቀየር አንድ ጊዜ የተሻለ ጎማ መግጠም ይበልጣል።

ኪቦርድ ለመግዛት ያሰበ ሰው ከዚህ የሚጠቀምበት ነገር አለ። የሚገዛው ሞዴል በስንት ዓመተ ምሕረት እንደወጣ መጠየቅ ተገቢ ነው። አራትና አምስት ዓመት የሆነው መካከለኛ ሞዴል ተተኪው ሊመጣ ስለሚችል ዋጋ ማስቀነስ ይቻላል፤ አዲሱ በወጣ ማግሥት ደግሞ የአሮጌው ዋጋ ይወርዳልና ለብዙ ሰው ትክክለኛው የመግዣ ጊዜ ያ ነው። ሁለተኛ እጅ ሲገዛ ሁሉንም ቁልፍ ከዝግታ እስከ ኃይል አንድ በአንድ መምታት፣ ቮልዩሙን እያዞሩ ማድመጥ፣ ፍላሽ ሰክቶ መጻፍና ማንበቡን ማረጋገጥ፣ አዳፕተሩ የራሱ መሆኑንና ቮልቱ ከኪቦርዱ ጀርባ ከተጻፈው ጋር መግጠሙን ማየት ያስፈልጋል። በፍሎፒ ዲስክ ብቻ የሚሠራ መሣሪያ በርካሽ ቢገኝም ሥራ ማስቀመጫው ችግር እንደሚሆን አውቆ መግዛት ነው። የራሱን ምትና ቅኝት የሠራ ተጫዋች ደግሞ ኪቦርዱን ወደ ጠጋኝ ከመውሰዱ በፊት ሁሉንም ፋይል በሁለት ፍላሽ ገልብጦ በተለያየ ቦታ ማስቀመጥ ይኖርበታል፤ በጥገና ወቅት መሣሪያው ወደ ፋብሪካ ይዞታው ከተመለሰ በውስጡ የነበረው ሁሉ ይጠፋል።